ስክሪን ፕሪንት ወደ ሥነ ጥበብ ቤት የገባው ሁለት ጊዜ ነው

የጥያቄው ፍሬ ነገር፦ ጠያቂው በካኔቴራና በባነር ኅትመት ሥራ የተሰማሩ ባለሙያ ናቸው። በየዕለቱ የሚሠሩበት ስክሪን ፕሪንት (በፍሬም ላይ በተወጠረ ጨርቅ በኩል ቀለም እየገፉ የማተም ዘዴ) በታላላቅ ሙዚየሞች ውስጥ ከዘይት ቀለም ሥዕሎች ጎን ተሰቅሎ እንደሚታይ ሰምተው ሦስት ነገር ጠይቀዋል። የማስታወቂያ መሥሪያ የነበረ ዘዴ እንዴት ሥነ ጥበብ ለመባል በቃ? ከፎቶግራፍ ተነሥቶ በብዙ ቅጂ የሚታተም ሥራ እንዴት ኦሪጅናል ሊባል ይችላል? እኔስ ባለኝ መሣሪያ እንዲህ ያለ ሥራ መሥራት እችላለሁን?

መልስ፦

ለመጀመሪያው ጥያቄዎ ብዙዎች የሚሰጡት መልስ አንድ ስም ብቻ ነው፤ አሜሪካዊው ሠዓሊ አንዲ ዋርሆል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም የታሪኩን ግማሽ ያስቀራል። እንደ እኔ አረዳድ ስክሪን ፕሪንት ወደ ሥነ ጥበብ ቤት የገባው ሁለት ጊዜ ሲሆን፣ አገባቡም ሁለቱን ጊዜ ተቃራኒ ነበር። በ1930ዎቹ መጨረሻ የገባው የንግድ ጠረኑን አራግፎ፣ ስሙን ለውጦና የብሩሽ ሥዕል መስሎ ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሲመለስ ግን የሱቅ ልብሱን እንደ ለበሰ መጣ። ዛሬ በሙዚየም የሚታየው በአብዛኛው የሁለተኛው መምጣት ውጤት ነው፤ ይሁንና በሩን ያስለመደው የመጀመሪያው ስለሆነ ሁለቱንም መናገር ግድ ይለኛል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ነገሩን ከሥሩ ለመረዳት ከስክሪኑ በፊት የነበረውን ስቴንስል ማሰብ ይገባል። በካርቶን ወይም በቆርቆሮ ላይ ፊደል ቆርጦ በጆንያ ላይ ስም የጻፈ ሰው ችግሩን ያውቀዋል፤ «ዐ» ስትቆረጥ መካከሏ አብሮ ይወድቃል፣ «መ»ም ሁለቱንም ዓይኖቿን ታጣለች። ስለዚህ ቆራጩ ውስጠኛውን ክፍል ከውጭው ጋር የሚያያይዝ ቀጭን ድልድይ ለመተው ይገደዳል፤ ድልድዩም በታተመው ፊደል ላይ እንደ ጠባሳ ሆኖ ይታያል። የጃፓን የጨርቅ ማቅለሚያ ባለሙያዎች ካታጋሚ በሚባለው ሥራቸው፣ በፐርሲሞን ፍሬ ጭማቂ ተነክሮ ውኃ የማያስገባ የሆነ ወረቀት እየቆረጡ፣ ብቻቸውን የሚቀሩትን ክፍሎች በቀጫጭን የሐር ክር ያያይዟቸው ነበር። ክሩ እጅግ ቀጭን ስለሆነ ቀለሙ ከሥሩ ይገናኛል፤ ምልክትም አይተውም። በጥቂት ክር ፈንታ ሙሉ የሐር ጨርቅ በፍሬም ላይ ከተወጠረ፣ የትኛውም ቅርጽ ያለ ድልድይ ባለበት ይጸናል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ሳይመን በ1907 ማንቸስተር ላይ እንዲህ ላለው የሐር ስክሪን ዘዴ ፓተንት አገኘ።

እርስዎ በእጅዎ የሚያውቁትን ሦስት ጠባይ እዚህ ላይ ማንሣት እፈልጋለሁ፤ የኋላው ታሪክ ሁሉ የሚመነጨው ከእነርሱ ነውና። አንደኛ፣ በእንጨት ቅርጽ፣ በመዳብ ላይ በሚሠራ ኤቺንግ ወይም በድንጋይ ላይ በሚሠራ ሊቶግራፊ የተቀረጸው ምስል በወረቀት ላይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ሲወጣ፣ በስክሪን ግን ሠዓሊው ያየው ምስል ሳይገለበጥ ይታተማል። ሁለተኛ፣ ቀለሙ ወፍራምና ሸፋኝ ሊሆን ስለሚችል ነጩን በጥቁሩ ላይ ማተም ይቻላል። ሦስተኛ፣ ከባድ ማተሚያ መኪና አያስፈልገውም፤ ፍሬም፣ ጨርቅ፣ ቀለሙን በጨርቁ በኩል የሚገፋ ስኩዊጂ የተባለ የጎማ ምላጭና ጠረጴዛ ያለው ሰው ያትማል። እነዚህ ጠባዮች መጀመሪያ የጠቀሙት ነጋዴዎችን ነው። በአሜሪካ ከ1910ዎቹ ጀምሮ ባንዲራ፣ የሱቅ ምልክትና የማሳያ መስኮት ማስታወቂያ በዚህ ዘዴ ይታተም ጀመር፤ ብዙ ሱቆችም አሠራሩን እንደ ሚስጥር ይጠብቁት ነበር። በፎቶግራፍ አማካይነት ስቴንስል መሥራትም፣ ብርሃን ሲያገኝ የሚጠነክር ጄላቲን በመጠቀም፣ በዚያው ዘመን ተጀምሯል። እንግዲህ ዋርሆል ፎቶግራፍን በስክሪን ማተምን አልፈለሰፈም፤ ሲያገኘው የቆየ የሱቅ ዘዴ ነበር።

የመጀመሪያው መግባት የተከናወነው በታላቁ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ነው። የአሜሪካ መንግሥት በ1935 ሥራ አጥ ሠዓሊዎችን በደመወዝ የሚቀጥር ፌዴራል አርት ፕሮጀክት የተባለ መርሐ ግብር አቋቋመ። በኒው ዮርክ ፖስተር ይሠራ የነበረው አንቶኒ ቬሎኒስ ከንግድ ሥራ ስክሪን ፕሪንትን ያውቅ ስለነበር፣ ዘዴው ለሠዓሊዎች እንደሚበጅ አለቆቹን አሳመነ፤ አሠራሩን በግልጽ የሚያስረዳ መምሪያ ጻፈ፤ በ1938ም ለሠዓሊዎች የተለየ የሐር ስክሪን ክፍል ተከፈተ። ሱቆች ሲደብቁት የኖሩትን ዘዴ ለማንኛውም ሠዓሊ የሰጠው ያ መምሪያ ነውና ለእኔ የታሪኩ እውነተኛ መነሻ እርሱ ነው። በዚያው ዓመት ጋይ ማኮይ በኒው ዮርክ የስክሪን ኅትመቶቹን ብቻ የያዘ የግል ዐውደ ርእይ አቀረበ።

ወዲያው ግን የስም ጉዳይ መጣ። «ሲልክ ስክሪን» የሚለው ስም በገዢዎች ጆሮ የሸቀጥ ማስታወቂያን ስለሚያስታውስ፣ ቬሎኒስና የኅትመት ሥነ ጥበብ አዋቂው ካርል ዚግሮሰር ከላቲኑ የሐር ስምና ከግሪኩ የመጻፍ ቃል «ሴሪግራፍ» የሚለውን ስም አበጁ፤ በ1940ም ናሽናል ሴሪግራፍ ሶሳይቲ ተመሠረተ። ስሙ የአሠራሩንም ዝንባሌ ያሳያል። የዘመኑ ሠዓሊዎች እጅግ ይወዱት የነበረው ዘዴ በቅባታማ የሊቶግራፊ ቀለም ወይም ክሬዮን በቀጥታ በሐሩ ላይ ስለው፣ በላዩ ሙጫ ቀብተው፣ ከዚያም ሥዕሉን በማሟሟያ እያጠቡ ማስለቀቅ ነው። ሙጫው በቅባቱ ላይ ስለማይጸና ሥዕሉ የነበረበት ቦታ ይከፈትና ቀለም ያሳልፋል። ውጤቱም የብሩሹን መንሸራተትና የክሬዮኑን ሻካራነት ሳይቀር ይጠብቃል። አሥርና አሥራ አምስት ቀለም ተደርቦበት ሲጨረስ አንዳንዱ ከውኃ ቀለም ሥዕል አይለይም። ደካማነቱም እዚሁ ላይ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ሌላውን እጅግ መስሎ የሚታይ ነገር ለራሱ ምን እንደሆነ ለመናገር ይቸገራል። ይሁንና እነዚያ ሠዓሊዎች ሥራቸውን ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ማድረስ ከልባቸው ይፈልጉ ነበር። ከእነርሱ በኋላ በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሎስ አንጀለስ ስክሪን ማተም የጀመሩት ካቶሊካዊቷ መነኩሲት እኅት ኮሪታ ኬንትም ይህንኑ ዓላማ ይዘው፣ በኋላ የምግብ ማሸጊያና የመንገድ ማስታወቂያ ቃላትን ከመንፈሳዊ ጥቅሶች ጋር እያዋሐዱ ለራሳቸው ብቻ የሆነ አሠራር አገኙ።

አሁን ወደ ዋርሆል እንምጣ። ዋርሆል በኒው ዮርክ በጫማ ማስታወቂያ ሥዕሎቹ የታወቀ የንግድ ሠዓሊ ነበር። በሐምሌ 1962 በሎስ አንጀለስ ያሳያቸው 32 የካምቤል ሾርባ ጣሳ ሥዕሎች በእጅ የተሠሩ እንጂ የስክሪን ሥራዎች አልነበሩም፤ ብዙ ሰው ይህን ያሳስተዋል። ማሽን መምሰል የሚፈልግ ሥራ በእጅ እየተሳለ እንደነበር ልብ ይበሉ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ፎቶግራፍ ወደ ስክሪን አስገልብጦ በሸራ ላይ ማተም ጀመረ። የፊልም ተዋናይቷ ማሪሊን ሞንሮ የሞተችው በዚያው ወር ነበር። ዋርሆል «ናያጋራ» ለተባለው የ1953 ፊልም ማስተዋወቂያ የተነሣችውን ፎቶግራፍ አግኝቶ ፊቷን ደጋግሞ አተመ።

ዛሬ በለንደኑ ቴት ሙዚየም የሚገኘውን ባለ ሁለት ክፍል የማሪሊን ሥዕል እንደ አታሚ ሆነው እንዲመለከቱት እለምንዎታለሁ። ሃምሳ ፊት አለው፤ ሃያ አምስቱ በግራ በኩል በደማቅ ቀለማት፣ ሃያ አምስቱ በቀኝ በኩል በጥቁር ብቻ። በግራው ክፍል የፊቱ፣ የፀጉሩና የከንፈሩ ቀለም መጀመሪያ በሸራው ላይ ተቀብቶ፣ ጥቁሩ ፎቶግራፍ በስክሪን ከላዩ ታትሟል፤ ቀለሙና ጥቁሩም በትክክል አይገጥሙም። ከንፈሩ ከአፉ ወጥቷል፤ የዓይን ቅቡ ከቆቡ ሾልኳል። በቀኙ ክፍል አንዱ ዓምድ ቀለም በዝቶበት ፊቱ ጭቃ ለብሷል፤ ወደ ዳር ሲሄዱ ደግሞ ቀለሙ እያነሰ፣ ፊቱ እየደበዘዘ፣ በመጨረሻ ጥላ ብቻ ይቀራል። እኛ ይህን ሁሉ በስሙ እናውቀዋለን፤ ቀለም መብዛት፣ የስክሪን መደፈን፣ የስኩዊጂ ግፊት አለመመጣጠን፣ የቀለም አለመግጠም። ደንበኛ አዝዞት ቢሆን አብዛኛው ይጣል ነበር። እዚህ ግን የአታሚው ጉድለት ከሸራው ጉዳይ ጋር ገጥሟል፤ በብዙ ቅጂ ተባዝቶ ሁሉም ሰው እጅ የገባ ፊት እየተባዛ ሄዶ ሰውዬዋን ሲያጠፋት ይታያል። ይህን በብሩሽ መናገር አይቻልም፤ ብሩሽ ሆን ብሎ ማደብዘዝ ይችል ይሆናል እንጂ ቀለም አልቆበት አይደበዝዝም። የሁለተኛው መግባት ምሥጢር ይህ ነው፤ ዘዴው ሌላውን መምሰሉን ትቶ የራሱን ጠባይ፣ ጉድለቱን ጭምር፣ እንደ ቋንቋ ተጠቀመበት።

በዚያው 1962 ሌላው አሜሪካዊ ሠዓሊ ሮበርት ራውሸንበርግም ስክሪን ጀመረ፤ አካሄዱ ግን ሌላ ነበር። ከጋዜጣና ከመጽሔት የተወሰዱ ምስሎችን፣ የኬኔዲን ፎቶግራፍና የጠፈርተኛ ምስልን ሳይቀር፣ በትልልቅ ስክሪኖች አስሠርቶ ያንኑ ስክሪን በተለያዩ ሸራዎች ላይ ከተለያዩ ጎረቤቶች ጋር ያትመው ነበር፤ በላዩም በዘይት ቀለም ይሥላል። አንድ ምስል በአዲስ ጎረቤት አጠገብ አዲስ ትርጉም ይዞ ይመጣል። በ1964 ቬኒስ ቢያናሌ በተባለው ዓለም አቀፍ የሥነ ጥበብ ዐውደ ርእይ ታላቁን የሥዕል ሽልማት ሲያገኝ፣ ኒው ዮርክ ወደሚገኘው የሥራ ቦታው ደውሎ ስክሪኖቹ እንዲጠፉ አደረገ፤ ሽልማቱ ራሱን እንዲደግም እንዳይፈትነው ፈርቶ ነው። የስክሪንን ኃይልና ፈተና ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም።

ከአሜሪካ ውጭ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የለንደኑ ኬልፕራ ስቱዲዮ ነው። ክሪስ ፕራተር ከባለቤቱ ከሮዝ ጋር በ1950ዎቹ መጨረሻ ያቋቋመው ይህ አነስተኛ ማተሚያ ቤት ኑሮውን የጀመረው ፖስተር በማተም ነው። ፕራተር ስቴንስልን በስለት የመቁረጥ ችሎታው ወደር ስላልነበረው ሠዓሊዎች ይመጡለት ጀመር፤ ሪቻርድ ሃሚልተን፣ ኤድዋርዶ ፓኦሎዚ፣ ኪታይ፣ ፓትሪክ ኮልፊልድ። በ1964 የለንደኑ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ተቋም የሃያ አራት ሠዓሊዎችን ኅትመት በኬልፕራ አሳተመ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ ስክሪን ነክተው የማያውቁ ነበሩ። ቀጥሎ በ1965 ፓኦሎዚ አሥራ ሁለት ኅትመቶች ያሉትን ተከታታይ ሥራውን አወጣ። በእነዚህ ሥራዎች ላይ ሠዓሊው ስኩዊጂ አይዝ ይሆናል፤ ከአታሚው ጎን ቆሞ ቀለም ይመርጣል፣ ያስቀይራል፣ ያስደግማል፤ አታሚውም ከትእዛዝ ተቀባይነት አልፎ አሳብ ያመጣል። ቴት ሙዚየም በ1980 የኬልፕራን ሥራዎች በዐውደ ርእይ ሲያሳይ፣ የአታሚው ስም በሙዚየም ግድግዳ ላይ ዋና ርእስ ሆነ። በሙያችን ላይ ላለን ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከዚህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ እሻገራለሁ። ኦሪጅናልነትን የጠየቁት እርስዎ የመጀመሪያው አይደሉም፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ የፈረንሳይ ብሔራዊ የኅትመት ኮሚቴ ኦሪጅናል ኅትመት ማለት ሠዓሊው ራሱ አስቦ ሙሉ በሙሉ በእጁ የሠራው ብቻ እንደሆነ፣ ማንኛውም መካኒካዊም ሆነ የፎቶግራፍ ዘዴ የገባበትም እንደማይቆጠር አወጀ። በዚህ ሚዛን ዋርሆልም ሃሚልተንም ከውጭ ይቀራሉ። እኔ ሚዛኑን አልቀበለውም። የምጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ይህ ምስል ከመታተሙ በፊት ሌላ ቦታ ሙሉ ሆኖ ነበርን? የአንድ ሠዓሊ የዘይት ሥዕል ፎቶግራፍ ተነሥቶ በስክሪን ቢታተም፣ ሙሉው ሥራ በሸራው ላይ አለና የታተመው ግልባጭ ነው፤ ሠዓሊው ፈርሞበት ሺህ ብር ቢሸጥም ግልባጭነቱ አይቀየርም። የማሪሊን ፎቶግራፍ ግን ጥሬ ዕቃ ነው። ሮዝ ፊት፣ ቢጫ ፀጉር፣ ያልገጠመ ከንፈር ያላት ማሪሊን ስክሪኑ ሸራውን እስኪነካ ድረስ የትም አልነበረችም።

ስለ ቅጂ ብዛትም በግልጽ መነጋገር ይሻላል። በመዳብ ላይ በመርፌ የተጫረ ደረቅ ቅርጽ ጥቂት ደርዘን ቅጂ ካወጣ በኋላ በማተሚያው ጫና ይደክማል፤ ስለዚህ የቅጂው ማነስ ከዕቃው ጠባይ የመጣ ነው። ፖሊስተር ስክሪን ግን በሺህ የሚቆጠር ያትማል። ዋርሆል በ1967 ያሳተማቸው አሥር የማሪሊን ኅትመቶች እያንዳንዳቸው 250 ቅጂ ብቻ የሆኑት ስክሪኑ ደክሞ ሳይሆን ተወስኖ ነው። በስክሪን ሥራ ላይ የቅጂ ቁጥር ቃል ኪዳን ነው፤ የሚጠብቀውም የአታሚው ታማኝነት ብቻ ነው።

በሌላ በኩል፣ ቁጥርም ፊርማም ያልፈለጉ ሰዎች ይህንኑ ዘዴ ከፍ አድርገውታል። በግንቦት 1968 የፓሪስ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለተማሪዎችና ለሠራተኞች ተቃውሞ ፖስተር መሥራት ሲጀምሩ በሊቶግራፊ የወጣላቸው ጥቂት ቅጂ ብቻ ነበር፤ ሠዓሊው ጊ ደ ሩዥሞን ስክሪን ካስተማራቸው በኋላ ከተማዋን በስም የለሽ ፖስተሮች ሞሏት። በአህጉራችንም ከደቡብ አፍሪካ የተሰደዱ ሠዓሊዎች ከ1979 እስከ 1985 በቦትስዋና ዋና ከተማ በጋቦሮኔ፣ ሜዱ በተባለው ማኅበራቸው ውስጥ የፀረ አፓርታይድ ፖስተሮችን በስክሪን አትመዋል፤ ከመካከላቸው ታሚ ምንየሌ በሰኔ 1985 የደቡብ አፍሪካ ጦር በከተማዋ ላይ ባካሄደው ወረራ ተገደለ። እነዚያ ፖስተሮች ዛሬ በሙዚየም ይጠበቃሉ።

ወደ አገራችን ስንመጣ፣ አለ ፈለገ ሰላም ባቋቋሙት የአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጀርመን ተወላጁ ሐንሰን ባሂያ በ1960ዎቹ ያስተማረው የእንጨት ቅርጽ ኅትመት ነበር፤ በኅትመት ሥዕሎቻችን ውስጥ የእንጨቱ መስመር ጎልቶ የሚታየው አንድም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ከስክሪን ጋር ጠንካራ ዝምድና ያላት አዲስ አበባ የተወለደችው ጁሊ ምሕረቱ ናት። በ2004 በሚኒያፖሊስ ያሳተመችው «ኢንትሮፒያ» የተባለ ሥራ ሊቶግራፊንና ስክሪንን አጣምሮ 32 ቀለማት ተደራርበውበታል። ያን ሥራ የማየት ዕድል ካገኙ ጠጋ ብለው ንብርብሩን ይቁጠሩ፤ ሠላሳ ሁለት ጊዜ ወረቀት ማግጠም ምን ማለት እንደሆነ ከእርስዎ ይበልጥ የሚያውቅ ተመልካች አይኖርም። በኋለኞቹ ትልልቅ ሸራዎቿም ላይ ስክሪንን ከእጅ ሥዕሏ ጋር ትጠቀማለች።

በሦስተኛው ጥያቄዎ ላይ መልሴ አዎን ነው፤ ጥቂት ነገሮች ብቻ ይለውጡ። ለካኔቴራ የሚጠቀሙበት በሴንቲ ሜትር 43 ክር ያህል ያለው ጨርቅ በወረቀት ላይ ቀለም ያበዛል፤ ከ90 እስከ 120 ክር ያለውን ይወጥሩ። ፕላስቲሶል ቀለም 160 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ሙቀት ካላገኘ አይደርቅምና ለወረቀት አይሆንም፤ በውኃ የሚሟሟ አክሪሊክ ከማዘግያ ጋር ይጠቀሙ፤ አለበለዚያ በሥራ መካከል ስክሪኑ ላይ ይደርቅብዎታል። ወረቀቱ ከ250 ግራም ያላነሰ ቢሆን አይጨማደድም። ስክሪኑን ከወረቀቱ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር ከፍ አድርገው ያሳርፉ፤ ስኩዊጂው ካለፈ በኋላ ጨርቁ ወዲያው እንዲላቀቅ ነው። ጠረጴዛው ላይም የወረቀቱን ማዕዘን የሚያሳርፉባቸው ሦስት ማግጠሚያዎች ይለጥፉ።

በሦስት ቀለምና በሃያ ቅጂ ይጀምሩ። በየቀለሙ የሚበላሽ ስለማይጠፋ ሃያ ስምንት ወረቀት ይቁረጡ። የመጀመሪያ ፈተናዎን ግን በሚያምር ፎቶግራፍ ላይ አያድርጉት፤ በስክሪን ካልሆነ በቀር ሊወጣ የማይችል ምስል ይፈልጉ፤ ምናልባት ባለፉት ዓመታት እንደ ብልሽት ቆጥረው ከጣሏቸው መካከል አንዱ ይሆናል። ሁሉም ቀለም ታትሞ ከደረቀ በኋላ ሃያውን መርጠው በእርሳስ ከታች በግራ 1/20 ብለው ቁጥሩን፣ በቀኝ ፊርማዎን ይጻፉ፤ የተረፈውን ይቅደዱ። ከዚያም የመጀመሪያውን ቅጂ ከመሸጥዎ በፊት ስቴንስሉን የያዘውን ሽፋን፣ ኢመልሽኑን፣ ከስክሪኑ ላይ አጥበው ያውርዱት።